«ቲቸር፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ፌስታል ነው። ካቻምና ጥቅምት ላይ፣ ከእረፍት ሰዓት በኋላ፣ አንዲት ጥቁር ፌስታል በነፋስ እየተንከባለለች መጥታ የ4ኛ ክፍል ልጅ እግር ስር ቆመች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ እሷን አንሺና ገንዳው ውስጥ ጣያት» አልኳት። ልጅቷ ድንግጥ ብላ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ቲቸር፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ያን ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤት ገብቼም ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ልጅቷ ትክክል ነበረች። በኛ ትምህርት ቤት ቆሻሻ የሚያነሳው ያጠፋ ተማሪ ነው። ያረፈደ ይለቅማል። የረበሸ ይለቅማል። ዩኒፎርም ሳይለብስ የመጣ ይለቅማል። ከዚያ እኛው መምህራን ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ይዘን «አካባቢያችንን እንጠብቅ» እንላለን። ልጅ ሁለቱን ያገናኛል። አካባቢ የሚጠብቀው ማን ነው? የተቀጣ ሰው ነው።

እዚህ የምጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደሞከርን ነው። ትምህርት ቤቱ ጅማ ከተማ ውስጥ ያለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ነው፣ ስሙን አላነሳም። የተሳካውንም የተበላሸውንም እጽፋለሁ። የተበላሸው ላይ ረዘም ማለቴ አይቀርም፣ ሌላ መምህር ያንኑ ስህተት እንዲደግም አልፈልግም።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ድሮም ነበረን። ነበረን ስል፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ስም፣ ፋይል ውስጥ የገባ ዓመታዊ እቅድ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የአንድ ቀን ችግኝ ተከላ ማለቴ ነው። ተጠሪ ሆኜ ስመደብ ለልጅቷ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ይሄ ተከላ መሰለኝ። ቅጣት ያልሆነ፣ የሚያኮራ ስራ። ስለዚህ ድምቅ አድርገን እንስራው አልኩ።

ሰኔ ላይ ከችግኝ ጣቢያ 80 ችግኝ አመጣን፣ ዋንዛና ግራቪሊያ። ባነር ተሰቀለ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት (ወተመህ) ሰብሳቢው ንግግር አደረጉ። ልጆቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሱ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አገሩም በዚህ ስሜት ውስጥ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ ልጆቻችን መትከልን የሚያውቁት እንደ በዓል ነው። በዓሉን አልቃወምም፣ እኔም በየዓመቱ እተክላለሁ። ነገር ግን በዓል በነጋታው ያልፋል፣ ችግኙ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። የተከሉት ሁሉ ይበቅላል የሚል እምነት በውስጣችን አለ፣ ያሳሳተንም እሱ ነው። ተከላው አልቆ ልጆቹ ለክረምት ወደየቤታቸው ሄዱ። መስከረም ላይ ሲመለሱ አረሙ ችግኞቹን ውጧቸዋል። አጥሩ በተቀደደበት በኩል ፍየል ገብታ የዋንዛዎቹን ጫፍ ቀርጥፋለች። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ላይ ዝናቡ ቆመ። ታኅሣሥ ላይ ከልጆቹ ጋር ዞረን ቆጠርን። ከ80ው በሕይወት ያሉት 13 ናቸው። በጋው ገና ግማሽ እንኳ አልሄደም።

እየቆጠርን ሳለ አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ የደረቀ ዋንዛ በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገ። ያለ ምንም ትግል ወጣለት። ሥሩ ላይ ያ ጥቁር ላስቲክ እንዳለ ነው። ሲተከል አልተቀደደም። ሥሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ላስቲኩ ውስጥ ዙሪያውን ሲዞር፣ ሲዞር፣ እንደ ተጠቀለለ ክር ሆኗል። ልጁ ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደና ሥሩን ሊያፍታታው ሞከረ። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «ይሄን የተከልኩት እኔ ነኝ» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ጥፋቱ ግን የሱ አልነበረም። ላስቲኩን ቀዶ ማውጣት እንዳለበት አላሳየሁትም፣ ያን ሰዓት ካሜራ ይዤ ባነሩ ስር ነበርኩ።

በዚያ ቀን የገባኝ ነገር ይሄ ነው። የትምህርት ዘመናችንና የችግኙ ዘመን ሆድና ጀርባ ናቸው። ችግኝ የሚተከለው ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ ነው። ችግኝ ውሃ የሚጠማው ልጆቹ ግቢ ውስጥ ባሉበት በበጋ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እኛ ስለ ችግኝ ረስተናል። ልጅ ምድርን መንከባከብ የሚማረው ጉድጓድ ሲቆፍር አይደለም። አንድ ነገር በሱ እጅ ሊሞትም ሊድንም እንደሚችል ሲያውቅ ነው። ስለዚህ በጋውን ሙሉ የሚያቆያቸው ስራ መፈለግ ነበረብኝ።

ስራው እዚሁ አፍንጫችን ስር ነበር። ቡና!

ጅማ ላይ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ዘሩ መደብ ላይ የሚዘራው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ለተከላ የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ። ከትምህርት ዘመናችን ጋር በልክ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። ደግሞ ከልጆቹ ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው ያሉት በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና አገሮች፣ ማና፣ ጎማና ሊሙ ነው፤ ቡና ለቅመው ያውቃሉ፣ አፍልተው ያውቃሉ፣ ከዘር ያበቀለ ግን አንድም አልነበረም።

ከዚያ በፊት ግን ከቅጣቱ ጋር መነጋገር ነበረብን። በመምህራን ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሳሁ፣ የልጅቷንም ጥያቄ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ዩኒት ሊደሩ ግን እውነቱን ተናገረ። «እሺ፣ ታዲያ ግቢውን ማን ያጽዳው? የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ናት፣ ተማሪው ከሺህ በላይ ነው። ላረፈደው ልጅስ ምን ልስጠው?» ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ለሁለተኛው እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም። ለመጀመሪያው የተስማማነው ግቢው በክፍል ተከፋፍሎ በተራ እንዲጸዳና የክፍሉ ኃላፊ መምህርም ጎንበስ ብሎ አብሮ እንዲያነሳ ነው። ከኛ ውስጥ ይሄን ያደረጉ አሉ፣ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው የቆሙም አሉ። የቆሙት መምህራን ክፍሎች ድርሻ ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው። ልጆች ከምላሳችን ይልቅ ወገባችንን ነው የሚያዩት።

ኮምፖስቱን የጀመርነው መደቡ አፈር ስለሚያስፈልገው ነው። ግቢያችን ቀይ አፈር ነው፣ ዝናብ ሲነካው ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከአጥሩ ጥግ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቦታ ወሰድን። ምን እንክተት ስንባባል ልጆቹ ራሳቸው ከተማውን አስቆጠሩኝ። የጀንፈል ገለባ ከቡና መፈልፈያ። የሙዝና የእንሰት ቅጠል ከየጓሮው። የጎመን ትራፊ ከጅማው መርካቶ ገበያ። ከዚያ አንዱ እንደ ማፈር ብሎ «ገራባስ?» አለ። ጅማን የሚያውቅ ሰው ገራባ ስንት እንደሆነ ያውቃል፣ ጫቱ ተቅሞ ሲያልቅ ቅጠሉና እንጨቱ ከነፌስታሉ ቦይ ውስጥ ነው የሚጣለው። ልጁ ያፈረው ገራባውን ከቤቱ ስለሚያመጣ ነው። «ይምጣ፣ ግን ያለ ፌስታሉ» አልኩት።

አሰራሩ ቀላል ነው። ደረቅ፣ እርጥብ፣ ትንሽ አፈር፣ ትንሽ ውሃ፣ እንደገና ደረቅ። እፍኝ ዘግነህ ስትጨብጠው ጣትህ መሃል ትንሽ ከረጠበ በቂ ነው፤ ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል። መሃሉ ላይ አንድ ረዘም ያለ እንጨት ሰካን። በአምስተኛው ቀን ያቺ የፌስታሏ ልጅ (ክበቡ ውስጥ ገብታ ነበር፣ ብዙም አትናገርም) እንጨቱን ስባ አወጣችና ጫፉን በመዳፏ ያዘች። ወዲያው ለቀቀችው። ከዚያ እንደገና ያዘችው። «ያቃጥላል!» ብላ ጮኸች። ሌሎቹ ተንጋግተው መጡ፣ እንጨቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እሳት የለም፣ ፀሐይም አላገኘውም፣ እንጨቱ ግን ትኩስ ነው፣ እንፋሎት አለው። ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ገለባውን እየበሉ እንደሆነና በደንብ የተሰራ ክምር ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ እንደሚሞቅ ያስረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው «መበስበስ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ትርጉም አገኘ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ሳይጀመር ሄደው እንጨቱን የሚነኩ ልጆች ነበሩ።

ዘሩን ያዘጋጀነው በእጅ ነው። የበሰለ ቀይ ፍሬ ብቻ ይመረጣል። ልጣጩ በጣት ይፈለፈላል፣ ሙጫው ታጥቦ ይወጣል፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ዘርነቱ ይጎዳል። ብዙ ወርም አይቆይም፤ ቡና ቶሎ ካልተዘራ የመብቀል አቅሙን ያጣል። መደቡ ላይ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች ሆኖ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበርና ደረቅ ሳር ይለብሳል። ከላይ ዳስ ሰራንለት፣ ቡና ሕፃን ሆኖ ፀሐይ አይችልም። ልጆቹ ይሄን ለማመን አልተቸገሩም፣ አያቶቻቸው ቡናቸውን ሰሳና ብርብራ ስር ለምን እንደሚያሳድጉ ማንም አስረድቷቸው አያውቅም እንጂ ሁልጊዜ ያዩታል።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አንድ ሳምንት። ሁለት። ሦስት። ምንም የለም። ልጆች እንዲህ ያለ ዝምታ አይወዱም። አንዱ አፈሩን ጭሮ አይቶ መልሶ ቀብሯል፣ በጣቱ ምልክት አወቅሁበት። ቡና ለመብቀል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፣ እኔም ያን ጊዜ ሁሉ ባይበቅልስ እያልኩ ነበር የማድረው። የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ዘበኛው አባባ በር ላይ ጠበቁኝ። «መምህር፣ ቡናው ራሱን አቀና» አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ጎንበስ ያለ ነጭ አረንጓዴ ግንድ፣ ጫፉ ላይ የራሱን ፍሬ ከነቅርፊቱ እንደ ቆብ አድርጎ ቆሟል። ከሱ ኋላ ሌላ አለ። ከዚያ ሌላ።

ውሃው ትልቁ ራስ ምታት ነበር። በጋ ላይ ቧንቧው ሦስት ቀን ይመጣል፣ አራት ቀን ይጠፋል። መላ የመጣው ከልጆቹ ነው። ምሳ ከመብላታቸው በፊት የሚታጠቡበትን ውሃ በባልዲ ማጠራቀም ጀመሩ። ሳሙናው እንዳይጎዳ ብለን የመጀመሪያውን ያለ ሳሙና እንዲያለቀልቁና እሱን እንዲያስቀሩ አደረግን። የቀሩትን 13 ዛፎች ደግሞ በሃይላንድ አዳንናቸው። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑ ላይ በመርፌ ቀዳዳ ይበሳል፣ ቂጡ ይቆረጣል፣ ተገልብጦ ሥሩ አጠገብ ይቀበራል። ውሃው ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ለእያንዳንዱ ዛፍ ሁለት ልጅ ተመደበ፣ ስማቸው በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ተሰቀለ። ይሄን ባደርግ ኖሮ ካቻምና ስንቱ ይተርፍ ነበር እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል።

ከወላጆች ጋር የነበረው ነገር ቀላል አልነበረም። አንድ አባት ልጃቸው እጁ ቆሽሾ ሲገባ አይተው መጡ። «ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው። ቆሻሻ መጫወት ከሆነ ሰፈር ውስጥም አለ» አሉኝ። ክምሩን አሳየኋቸው፣ ደብተሩ ላይ የሳለውንና የመዘገበውን አሳየኋቸው። አልተቀበሉኝም። ልጁን ከክበቡ አወጡት፣ አልተመለሰም። እስካሁን ሲያልፍ መደቡ ጋ ቆም ይላል። እሳቸውንም አልፈርድባቸውም፤ ልጃቸው ከአፈር ጋር ከሚታገል ሕይወት እንዲወጣ ነው ዕድሜያቸውን የለፉት። ያቺ የእንጨቷ ልጅ እናት ግን መንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚሸጡ ናቸው። እሳቸውም መጀመሪያ ልጃቸው ተቀጥታ መስሏቸው ነበር የመጡት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በጣሳ የቡና አተላ ይልኩልናል።

የካቲት መጨረሻ ላይ አዌቱ ወንዝ ሄድን። አዌቱ ጅማን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፣ ልጆቹ በየቀኑ ድልድዩ ላይ ያልፋሉ፣ አፍንጫቸውን ይዘው። ሁለት ቦታ መረጥን። አንዱ ከተማው ሳይነካው በላይ በኩል፣ ሌላው ከተማውን አቋርጦ ሲወጣ። ልጅ ውሃ ውስጥ አልገባም። በአካባቢያችን ቢልሃርዝያ አለ፣ ስለዚህ ቦቲ ጫማ ያደረግን ሁለት መምህራን ድንጋዩን እያነሳን ነጭ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥንላቸው፣ እነሱ በማንኪያ ፈለጉ። በላይ በኩል ከድንጋዩ ስር ሦስት ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ እጮች ወጡ፣ ሳፋው ውስጥ ሽው ሽው ይላሉ። እነዚህ ኦክስጅን የጠገበ ውሃ የሚፈልጉ ናቸው። በታች በኩል እነሱ የሉም። ያለው ቀይ ክር የመሰለ ትል ነው። ኦክስጅን ያነሰበት ውሃ ውስጥ መኖር የሚችለው ሰውነቱ ውስጥ እንደኛ ደም ቀይ ነገር ስላለው ነው፣ ያነሰችውን ኦክስጅን አጥብቆ ይይዝበታል። ልጆቹ ሁለቱን ሳፋ ጎን ለጎን አስቀምጠው ብዙ ሰዓት ዝም ብለው አዩ። እኔም ዝም አልኩ።

መመለሻ ላይ ውሃው የት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። አዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል። ግልገል ጊቤ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ስራ የጀመረ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። ከዚያ ውሃው ወደ ጊቤ፣ ከጊቤ ወደ ኦሞ፣ ከኦሞ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። «ስለዚህ መብራታችን ውስጥ የኛ አዌቱ አለ ማለት ነው?» አለ አንዱ። አዎ፣ አለ። ከየተራራው ታጥቦ የሚወርደው አፈርም እዚያው ግድቡ ሆድ ውስጥ እንደሚተኛ ነገርኳቸው። በሳምንቱ ሁለት ልጆች ከግቢው ቦይ በሃይላንድ ድፍርስ ውሃ ቀድተው ክፍል ውስጥ መስኮት ላይ አስቀመጡ። በነጋታው ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ጭቃ ተኝቷል። እኔ አላዘዝኳቸውም።

ሰኔ ላይ ቡናው ደረሰ። ሁሉም እኩል አልነበረም፣ ገሚሱ ትንሽ ነበር፣ እሱን አቆየነው። ከመደቡ ወደ ላስቲክ አዛውረነው ስለነበር፣ ላስቲኩን በምላጭ ከጎኑ ሰንጥቆ ማውጣትን እያንዳንዱ ልጅ እኔ ፊት አሳየኝ፣ ያን ሳያሳይ ችግኝ የወሰደ የለም። ጓሮ ያላቸው ቤታቸው ወሰዱ። ኪራይ ቤት የሚኖሩ ብዙ ናቸው፣ እነሱ አጥራችን ስር ዛፍ ጥላ ውስጥ ተከሉ። ያ የተጠቀለለውን ሥር የሰበረው ልጅ ሁለት ወሰደ። አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ዘንድሮ ሁለተኛውን ዙር ዘርተናል። መናገር ያለብኝ ነገር፣ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከአንዳንድ መምህራን እጅ አሁንም ይወጣል። ጥር ላይ አንድ ያረፈደ የ5ኛ ክፍል ልጅ በር ላይ ተያዘ። የተረኛው መምህር ክፉ ሰው አይደለም፣ ቆሻሻ ልቀም ማለት እንደቀረ ያውቃል፣ ሌላ ነገር ሲፈልግ ዓይኑ መደቡ ላይ አረፈ። «ሂድ፣ ባልዲውን ውሰድና ያን ቡና አጠጣ» አለው። እኔ ከቢሮ እየወጣሁ ነበር።

የዕለቱ ተረኛ አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ ነበረች፣ ዘንድሮ የገባች፣ ከባልዲው ብዙም የማትረዝም። ልጁ ሲቀርባት ባልዲውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ አለች። መምህሩን ቀና ብላ አየችው።

«ቲቸር፣ ተራው የኔ ነው እኮ። እሱ ምን ሰርቶ ነው የሚያጠጣው?»

መምህሩ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ልጁን ክፍል ግባ አለው። ልጁ ግን አልገባም፣ እዚያው ቆሞ ሲያያት ቆየና ተራ የሚያዘው ማን ጋ እንደሆነ ጠየቃት።